ባለቀለም ምንጣፍ ለቤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ምንጣፍ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከቀለም ነው። «ቀይ ይሻለኛል ወይስ ግራጫ?» ይለኛል። እኔም ሁሌ በጥያቄ ነው የምመልሰው። ቡና የሚፈላው የት ነው? ልጆቹ የሚበሉት ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ መሬት ቁጭ ብለው? ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? የቀለም ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። የመጀመሪያው ምንጣፌ የሱፍ፣ ቀለሙ ክሬም ነበር። ሱቅ ውስጥ ሳየው ልቤ ሸፈተ። ቤት ከገባ ወር ሳይሞላው በዓል ደረሰ። አንዲት እንግዳችን የአልጫ ሳህን ደፋች። ቢጫው እስከ ዛሬ አለ። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ስለ ምንጣፍ እኔን መጠየቅ ልማድ አደረጉ። ደጋግመው የሚያነሷቸው እነዚህን ነው።

ታዲያ ቀለሙን እንዴት ልምረጥ?

ቆሻሻ የሚደብቀው ጥቁር ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የከተማችን አቧራ ፈዛዛ ስለሆነ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ላይ እንደ ዱቄት ተነስንሶ ይታያል። የፈንዲሻ ፍርፋሪም፣ የነጠላ ብናኝም እንዲሁ። ነጭና ክሬም ደግሞ ወጡንም ቡናውንም ያሳብቃሉ። በሰላም የሚያኖሩት መካከለኛዎቹ ናቸው። የጡብ ቀይ፣ የወይራ አረንጓዴ፣ የሰናፍጭ ቢጫ፣ ከግራጫ የተቀላቀለ ሰማያዊ። ጥለት ካለበት ደግሞ ይበልጥ ይደብቃል። አንድ ወጥ ቀለም ያለው ምንጣፍ ቢያምርም እያንዳንዷን ጠብታ ያወጣታል።

በኢራንና በቱርክ የድሮ ምንጣፎች ላይ ቀይ የበዛው ያለምክንያት አይደለም። ከተክል ሥር የሚወጣ ጠንካራ ቀይ ማቅለሚያ ነበራቸው። ከሱፍ ጋር ይስማማል፣ ቶሎም አይለቅም። ቀዩ ለዓይን ሞቅ ስለሚል ቀዝቃዛ የሴራሚክ ወለል ላይ ጥሩ ይቀመጣል።

ቀይ ካልን ሐረርን ሳላነሳ አላልፍም። «ጌይ ጋር» በሚባለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት ውስጥ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ። ምንጣፍ ይነጠፍባቸዋል፤ ቀይም ይቀባሉ። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይባላል። ተጠቅልሎ ከበሩ በላይ የተቀመጠ ምንጣፍ ደግሞ በቤቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ይናገር ነበር ይላሉ። እኛ ቤት የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ግን ውኃ መጥቷል ማለት ነው።

ሳሎኔ ጠባብ ነው፣ ብርሃንም ብዙ አይገባውም። ደማቅ ቀለም አይከብድበትም?

ደማቅ ሁሉ አይከብድም፤ የሚከብደው ጨለማው ነው። ለጠባብ ቤት ሰናፍጭ ቢጫ ወይም ፈካ ያለ ሰማያዊ ውሰዱ። ዳር ዳሩን ወፍራም ጥቁር መስመር የዞረበትን ግን ተዉት። ዓይን እዚያ መስመር ላይ ይቆምና ክፍሉ ከምንጣፉ ጋር እዚያው ያበቃል።

ሱቅ ውስጥ ያየሁት ቀለም ቤት ስደርስ ለምን ሌላ ሆነ?

አልተታለላችሁም፤ አምፖሉ ነው። ብዙ ሱቆች የሚጠቀሙት ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አምፖል ነው። እቤት ቢጫ አምፖል ካለ ያው ግራጫ ወደ ቡኒ ይሄዳል፤ ሰማያዊውም ይደበዝዛል። ሻጩን «እስቲ ወደ በር አውጣልኝ» በሉት። ሙሉውን ማውጣት ከከበደው ጫፉን ብቻ ይዘርጋው።

ሌላም አለ። የምንጣፍ ጸጉር ወደ አንድ ወገን የተኛ ነው። በአንድ በኩል ስታዩት ፈካ ይላል፤ ዞራችሁ ስታዩት ይጠቁራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ዙሩት። ሳሎን ስታነጥፉም ከበሩ በኩል የትኛው መልኩ እንዲታይ እንደምትፈልጉ ወስኑ። ብዙ ሰው ምንጣፉን 180 ዲግሪ ቢያዞረው ሌላ እንደሚመስል አያውቅም። ነጻ ነው፣ ሞክሩት።

በስልክ ፎቶ አይታችሁ እንዳትገዙ። የሶፋውን ትራስ ልብስ አውልቃችሁ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ።

ሶፋዬ አበባ አለበት። ምንጣፉም አበባ ይሁን?

አይሁን። ሶፋው ካወራ ምንጣፉ ዝም ይበል። አበባው ውስጥ ካሉት ቀለሞች አንዷን፣ በተለይ ጥቂት ቦታ ብቻ የምትታየዋን፣ ምረጡና ምንጣፉን በእሷ አድርጉት። ሶፋው አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ ግን ጥለት ያለውን ምንጣፍ ሳትፈሩ ውሰዱ። ከመጋረጃው ጋር ቁርጥ አንድ ዓይነት የሆነ ምንጣፍ የሚፈልጉ አሉ። ለእኔ የሆቴል አዳራሽ ነው የሚመስለኝ፤ የእያንዳንዱ ምርጫ ነው እንግዲህ።

መጠኑስ? የቱ ነው ለሳሎን የሚበቃው?

ገበያ ላይ የሚበዙት መጠኖች 80 በ150፣ 120 በ170፣ 160 በ230፣ 200 በ290 እና 240 በ340 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ 120 በ170 ይገዛና መሀል ሳሎን ላይ ጣል ያደርገዋል። ሶፋው ወዲያ፣ ምንጣፉ ወዲህ። ሁለቱ የተኳረፉ ይመስላሉ። ቢያንስ የሶፋው የፊት እግሮች ምንጣፉ ላይ ይረፉ። ለመካከለኛ የኮንዶሚኒየም ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ 160 በ230 ይበቃል። በግድግዳውና በምንጣፉ መሀል ቢያንስ ከ20 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ወለል ይታይ።

ከመግዛታችሁ በፊት ጋዜጣ አነጣጥፋችሁ ልኩን እዩ። በሩንም ክፈቱ። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲደርስ ይያዛል፤ ይህን ሳላስብ ገዝቼ በሩን ከሥሩ ያስላጥኩት እኔ ነኝ።

መሬት ቁጭ ብላችሁ የምትጫወቱ፣ መጅሊስ (ዝቅ ያለ የአረብ መቀመጫ) ያላችሁ ከሆነ ይህ ሁሉ አይሠራም። እናንተ ግድግዳ እስከ ግድግዳ ነው የምትፈልጉት። ያ በካሬ ይሸጣል፤ ስትለኩ የመደቡን ሥር አትርሱ።

ሻጩ «ሱፍ ነው» ይላል። እንዴት አረጋግጣለሁ?

ከዳሩ አንዲት ክር ይስጣችሁ። ውጭ ወጥታችሁ በክብሪት አቃጥሏት። ሱፍ ሲቃጠል የጸጉር ሽታ ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲያሹት ይፈርሳል። ፕላስቲኩ ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። የወረቀት ሽታ ከሸተተ ጥጥ ወይም ቪስኮስ (ከእንጨት የሚሠራ ሐር መሳይ ክር) ነው። እሺ ብሎ ክር የማይሰጥ ሻጭ ካጋጠማችሁ ያው መልሱን ነግሯችኋል።

በየሱቁ የምታገኙት አብዛኛው በማሽን የተሠራ፣ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ብዙው ከቱርክ ይመጣል፤ የዚያ አገር የማሽን ምንጣፍ ዋና ከተማ ጋዚያንቴፕ ናት። ፕላስቲክ ስላልኩ እንዳትንቁት። ውኃ አይጠጣም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ቀለሙ የሚጨመረው ክሩ ሳይሠራ ስለሆነ አይለቅም። ልጆች ላሉበት ቤት ቁጥር አንድ ምርጫዬ እሱ ነው። ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ እሳት። በ160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ ፍም ሲወድቅበት በቅጽበት ይበሳል። ሁለተኛ ቅባት። ቅባትን ይወዳል፣ ይዞም አይለቅም።

ሱፍ እሳት ሲነካው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። ጫፉ ብቻ ከተቃጠለ በመቀስ ከርከም ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ቪስኮስ ለሳሎን እንዳትገዙ ነው። እንደ ሐር ያብለጨልጫል፣ ዋጋውም ሱፍን ይቀርባል፤ ውኃ ሲነካው ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ቢጫም ይሆናል። አንድ ብርጭቆ ውኃ እንኳ ምልክት ትቶበት ይሄዳል።

የደብረ ብርሃኑ ምንጣፍ ምን ይመስላል?

ከባድ፣ ሻካራ ቢጤ፣ ዕድሜው ረጅም። መንዝና አካባቢው በበጉ የታወቀ ነው። በርኖሱም፣ ባናውም፣ ዝተቱም የሚሠራው ከዚያው ከሻካራው የበግ ጸጉር ነው። በደብረ ብርሃን በእጅ ከሚሠሩት ምንጣፎች ብዙዎቹ የበጉን የራሱን ቀለም ይይዛሉ፦ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ግራጫ። «ባለቀለም» ስንል ቀይና ሰማያዊ ብቻ ለምን እንደሚታየን አላውቅም። የበግ ቡኒ ከሦስት በጎች ቢመጣ ሦስት ዓይነት ቡኒ ነው። ቀለሙ የተነከረ ስላልሆነ በእጥበት አይለቅም። ፀሐይ ግን ቡኒውን ቀስ በቀስ ያነጣዋል።

ስትገዙ አሽትቱት። የበግ ሽታው ጠንከር ካለ ሱፉ ሳይፈተል በፊት በደንብ አልታጠበም ማለት ነው። በክረምት እርጥበት ሲነካው ይብሳል።

የምንጣፍ ጥራት በምን ይለያል?

ወደ ጀርባው እጠፉት። እጥፉ ላይ ጸጉሩ ተከፍሎ ጀርባው ወለል ብሎ ከታየ ክሩ የሳሳ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው የሚረግጠው ቦታ ይላጣል። ከዚያ በእጃችሁ መዝኑት። እኩል መጠን ካላቸው ሁለት ምንጣፎች ከባዱ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ነው፤ ጀርባው በወፍራም ሙጫ ካልተለሰነ በስተቀር። ሙጫውን አፍንጫ ያገኘዋል።

የጸጉሩ ርዝመት አያታልላችሁ። ረጅም ጸጉር ሱቅ ውስጥ ለእጅ ይመቻል። ቤት ሲገባ ግን የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ጥፍርና የጆሮ ጉትቻ ማከማቻ ይሆናል።

በእጅ የተሠራ ነው ካሏችሁ ዘርፉን እዩ። በእጅ የተሠራው ላይ ዘርፉ የራሱ የምንጣፉ ድር ጫፍ ነው። በማሽን የተሠራው ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተሰፋ ነው።

ከዱባይ ወይም ከኢስታንቡል ባመጣ አይሻልም?

ለአንድ ምንጣፍ አይሻልም ባይ ነኝ። በካሬ 2.5 ኪሎ የሚመዝን 200 በ290 ምንጣፍ ወደ 14 ኪሎ ተኩል ይመጣል። ብዙ አየር መንገዶች የሻንጣን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ደምረው ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይላሉ፤ የ200ው ጥቅል ርዝመቱ ብቻ ከዚያ አለፈ። ሰዎች አጣጥፈው ያመጡታል፤ ደርሶ የእጥፉ መስመር ወራት ይቆይበታል። የምታመጡት የተለየ ነገር፣ ለምሳሌ በእጅ የተሠራ ትንሽ ስጋጃ ከሆነ ግን ድካሙ አያስቆጭም።

ምንጣፍ ላይ ቡና ማፍላት ይቻላል?

ይቻላል፤ እኔ ግን አላደርገውም። ከሰል ሲፈነዳ ብልጭታው ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም። ዕጣን ማጨሻውም ሌላ ፍም ነው። ፕላስቲክ ምንጣፍ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው።

የምመክረው ይህን ነው። የቡናውን ጥግ ለብቻው ተዉት። ምንጣፉ እዚያ ሳይደርስ ያቁም። ቦታ ከሌላችሁ ቡና በሚፈላ ጊዜ የምንጣፉን አንድ ጫፍ እጠፉና ረከቦቱንም ማንደጃውንም ባዶው ወለል ላይ አስቀምጡ። ቄጤማውን በቀጥታ ምንጣፍ ላይ የሚጎዘጉዙ አሉ። እርጥብ ቄጤማ ሲረገጥ አረንጓዴ ጭማቂውን ያወጣል፤ ሱፍና ጥጥ ይጠጡታል። ከሥሩ ሰሌን ወይም የጠረጴዛ ላስቲክ ይግባ። ሰሌኑ እንዲያውም ከቄጤማው ጋር ያምራል።

ሸክላው ጀበና ሲቀዳ ከሥሩ የሚንጠባጠበው ነገር ደግሞ አለ። አንድ ጠብታ ነው፣ ማንም አያየውም። በዓመቱ ግን ምንጣፉ ላይ የቡና ቀዳጇን መቀመጫ የሚያሳይ ካርታ ተሥሎ ታገኛላችሁ።

ቡና ወይም ወጥ ሲፈስ ምን ላድርግ?

የመጀመሪያው ሕግ፦ አትሹት። ማሸት ነጥቡን ያሰፋዋል፣ ወደ ሥርም ይገፋዋል። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጫን እያደረጋችሁ አስመጥጡት። ባለቀለም ጨርቅ ራሱ ሊለቅ ስለሚችል ነጭ ይሁን። ሁልጊዜ ከዳር ወደ መሀል።

ቡና ከሆነ፣ ለብ ያለ ግማሽ ሊትር ውኃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ላርጎና አንድ የሾርባ ማንኪያ ነጭ ኮምጣጤ ጨምራችሁ በጨርቅ ንኩት፣ አስመጥጡ፣ ድገሙት። በመጨረሻ በንጹሕ ውኃ ሳሙናውን አውጡ። የሳሙና ቅሪት አቧራ ይስባል፤ «ካጸዳሁት በኋላ ያ ቦታ ቶሎ ይቆሽሻል» የምትሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስኳር ያለበት ቡና፣ ለስላሳና ጠጅም በዚሁ መንገድ ነው፤ ለነሱ ውኃውን አብዙት።

ቀይ ወጥ ሌላ ነው። የበርበሬው ቀለም የሚሟሟው በዘይት እንጂ በውኃ አይደለም። ስለዚህ ውኃ አታፍስሱበት። ወጡን በማንኪያ አንሱ። ከዚያ ዱቄት ነስንሱበት፤ የስንዴም ቢሆን ይሠራል። ሩብ ሰዓት ቆይቶ ዘይቱን ይጠጣል፤ ጠርጋችሁ ላርጎ ያለበትን ጨርቅ አስከትሉ።

አልጫ፣ ማለትም እርድ፣ የሁሉም አለቃ ነው። እኔ በዚያ በዓል ደንግጬ ዱቄት ሳሙና አፈሰስኩበት። ቢጫው ዓይኔ እያየ ቀይ ሆነ! ምንጣፉ የተቃጠለ መስሎኝ ጮህኩ። በኋላ ገባኝ። የእርድ ቀለም ዱቄት ሳሙናን የመሰለ ነገር ሲነካው ይቀላል፤ ኮምጣጤ ሲያገኝ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ለእርድ ላርጎና ኮምጣጤ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ያንን ቦታ ብቻ ፀሐይ አሳዩት። ፀሐይ የእርድን ቀለም ታጠፋዋለች። ያኔ ይህን ባውቅ ኖሮ!

በረኪና ሱፍ ላይ በጭራሽ። ቀለሙን ብቻ ሳይሆን ሱፉን ራሱን ይበላዋል።

የሻማ ወይም የጧፍ ሰም ከጠነከረ በኋላ በማንኪያ ጀርባ ፈርፍሩት። ማስቲካም በረዶ ከተጫነበት በኋላ እንዲሁ። ሱፍ ላይ የቀረውን ሰም ወረቀት ጣል አድርጎ ለብ ባለ ካውያ ማስመጠጥ ይቻላል። ፕላስቲኩ ላይ ካውያ አታስጠጉ።

መቼ ነው የሚታጠበው?

እዚህ ላይ ከመላ አገሩ ጋር ሳልጣላ አልቀርም። ሁላችንም ምንጣፍ የምናጥበው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ በጳጉሜ። ጳጉሜ ላይ ደግሞ ዝናቡ ገና አልወጣም። ምንጣፉ ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ አጥር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ዝናብ ይደግመዋል። ከዚያ ያ የእርጥብ ውሻ ሽታ ይጀምራል። አዲሱን ዓመት በእሱ እንቀበላለን።

ፕላስቲኩ ይችለዋል። ሱፍና ጥጥ ግን በአንድ ቀን፣ ቢበዛ በሁለት መድረቅ አለባቸው። ካልሆነ ሥራቸው ይሻግታል። የሱፍ ምንጣፍ ማጠቢያው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ለእንቁጣጣሽ ማራገፍና ነጥቦቹን ማጽዳት ይበቃል። እንግዳ ጀርባውን ገልጦ አያይም።

በሱፍ ላይ የሞቀ ውኃ አይፈስም፤ ይኮማተራል። ቀዝቃዛ ወይም ለብ ያለ ይሁን። ቡርሹ ለስላሳ፣ አቅጣጫው ጸጉሩ በተኛበት። ከታጠበ በኋላ ውኃውን በመጥረጊያ ወይም በፕላስቲክ የውኃ መግፊያ ገፍታችሁ አውጡ፤ አትጠምዝዙ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ሳሙናውን ሳታስነኩ በፊት የማለቅለቂያውን በበርሜል አጠራቅሙ። አንዴ ግማሽ መንገድ ላይ ውኃ ሄዶብኝ ምንጣፌ ሙሉ ሌሊት ሳሙና ለብሶ አድሯል።

ለአጣቢ ብሰጠውስ?

ጥሩ ነው፤ ግን ጠይቁ። በምን ያጥባሉ፣ የት ያደርቃሉ፣ ስንት ቀን? ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ በሜትር ለኩት፤ ዋጋው በካሬ ስለሆነ ልኩን ማወቅ ከጭቅጭቅ ያድናል።

ቀለሙን ራሳችሁ ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ አርጥባችሁ ቀዩ ላይ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጉ። ጨርቁ ከቀላ ምንጣፉ ውኃ አይነከርም፤ ይህንንም ለአጣቢው ንገሩት። የእህቴን ቀይና ነጭ ምንጣፍ የወሰደ አጣቢ እርጥቡን ጠቅልሎ አሳድሮት ሮዝ አድርጎ መለሰው። «አዲስ ሆነልሽ» ነበር ያላት። በእርግጥም አዲስ ነበር።

ቀለሙ እየለቀቀ ነው። ምን ይሻላል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐይዋ ከባድ ናት። በመስኮት የምትገባው ፀሐይ በየቀኑ አንዱን ጥግ ብቻ ትበላለች። በየስድስት ወሩ ምንጣፉን አዙሩት። ቢያንስ ከለቀቀ እኩል ይልቀቅ። ከቀትር በፊት ስስ መጋረጃ መሳብም ይረዳል። ስታደርቁት ጀርባውን ለፀሐይ ስጡ፣ ፊቱን ለጥላ።

አዲሱ ምንጣፌ ብናኝ እያወጣ አስቸገረኝ።

ሱፍ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ወራት ያደርጋል፤ ይተዋል። የወጣች ክር ካያችሁ በመቀስ ቁረጡ። አትሳቡ፣ መስመሩን ሙሉ ይዛ ትመጣለች። ቫኪዩም ካላችሁ የሚሽከረከረውን ቡርሽ ሱፍና ረጅም ጸጉር ላይ አጥፉት፤ ዘርፉንም አታስበሉት። ቫኪዩም ከሌለ ምንጣፉን ገልብጣችሁ ጀርባውን ቀስ ብላችሁ ምቱት። ሥሩ ያለው አሸዋ ይራገፋል፤ ጸጉሩን እንደ ምላጭ የሚቆርጠው እሱ ነው። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ፣ እባካችሁ ከበረንዳ አታራግፉ። ከታች ልብስ ያሰጣ ሰው አለ።

ቁንጫና ብል?

ቁንጫ ከሆነ ዕንቁላሉ ጸጉሩ ሥር ነው ያለው፤ አንድ ጊዜ መጥረግ አይበቃም። ለሁለት ሦስት ሳምንት በየቀኑ ጠራርጉ፣ ምንጣፉንም ደጋግማችሁ ፀሐይ አውጡት። ድመት ወይም ውሻ ካለ እሱም አብሮ ይታከም።

ብል የሚበላው ሱፍን ነው። የሚወደውም ማንም የማይረግጠውን፣ ከሶፋ ሥር ያለውን ቦታ ነው። በሦስት ወር አንዴ ሶፋውን አንሱና እዩ። የምትበረዋ ትንሽ ቢራቢሮ አትበላም፤ የምትበላው ትሏ ናት። ቢራቢሮዋን ገድላችሁ አትረፉ።

ምንጣፉ ይንሸራተታል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል።

ለሴራሚክ ወለል ከሥር የሚነጠፍ መረብ የመሰለ የጎማ ላስቲክ አለ። አሮጊት እናት ወይም ሕፃን ካለ ቅድሚያ ስጡት። ወለላችሁ የፕላስቲክ ከሆነ ግን ጎማው ሊያጠቁረው ስለሚችል ከሌላ ነገር የተሠራ ፈልጉ። ጠርዙን በተቃራኒው ጠቅልላችሁ ለሁለት ቀን ዕቃ ጫኑበት።

ለጊዜው ባስቀምጠውስ?

ሙሉ በሙሉ ካደረቃችሁ በኋላ ጠቅልሉት፤ አታጣጥፉት። በላስቲክ አትሸፍኑት፣ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። አቡጄዲ ይበቃል። ሲሚንቶ ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፤ ሁለት ጣውላ ሥሩ ይግባ።

አሮጌ ምንጣፍ ምን ይደረጋል?

አይጣልም። መሀሉ ቢላጥም ዳር ዳሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ከደህናው ቁራጭ አውጡና ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ ጠርዙን አስመቱት፤ ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ መኪና ያለው ይሁን። የአልጋ አጠገብ መረገጫ ይወጣዋል። የእኔው ክሬም ምንጣፍ ዛሬ ሁለት ቦታ ተከፍሎ አንዱ የልጄ አልጋ አጠገብ ነው። የአልጫው ነጥብ ያለበት ወገን ከአልጋው ሥር ገብቷል።